ገዢው ሌላ፣ አንባቢው ሌላ

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ለገሀር አካባቢ ባለ አንድ መጻሕፍት መደብር ውስጥ አምስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ጅብ የተሣለበት መጽሐፍ ደረቷ ላይ ለጥፋ ቆማለች። ጅቡ አፉን ከፍቷል፤ ጥርሱ የሽፋኑን እኩሌታ ይዟል። እናቷ ከሻጩ እጅ ሌላ መጽሐፍ ተቀብላ ታገላብጣለች። ፊደሉ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ተደርድሮበታል፤ በየሆሄው አንጻር ትንንሽ ሥዕል አለ፤ መጨረሻው ላይ የእንግሊዝኛው ፊደል ተጨምሮበታል።

«ይሄማ ሌሊት ያስቃዥሻል፣ የኔ ቆንጆ። ይልቅ ነይ ይሄን እዪው፤ ሀሁም አለው፣ ኤቢሲዲም አለው።»

«አያስቃዠኝም።»

«ጅብ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ። ግን ልጅቷን አይበላትም፤ ዛፍ ላይ ናት።»

እናትየዋ ሽፋኑን ተቀብላ አየችው። እውነትም ከላይ ጥግ ላይ፣ ከርዕሱ ፊደላት ኋላ፣ ቅርንጫፍ ያቀፈች አንዲት ትንሽ ልጅ አለች። እናትየዋ አላየቻትም ነበር። አጠገባቸው ቆሜ የነበርኩት እኔም አላየኋትም።

የተገዛው ግን የፊደሉ መጽሐፍ ነው። ልጅቷ አላለቀሰችም። የጅቡን መጽሐፍ ራሷ ባንኮኒው ላይ መልሳ አስቀመጠችና የእናቷን እጅ ይዛ ወጣች። ሻጩ መጽሐፉን ወደ ቦታው እየመለሰ፣ እንዲህ ያለ ክርክር ሳያይ የሚውልበት ቅዳሜ እንደሌለ ነገረኝ። ልጆቹ ሽፋን አይተው ይመርጣሉ። ወላጆቹ መጽሐፉን ይገለብጡና መጀመሪያ ዋጋውን፣ ቀጥሎ ገጹ ላይ ምን ያህል ጽሑፍ እንዳለ ያያሉ። ጽሑፉ ካነሰባቸው «ይሄን ሁሉ ብር ለሁለት መስመር?» ይሉታል።

ወላጆቹን አልወቅስም። ከዘይትና ከቤት ኪራይ የተረፈ ገንዘብ ነው፤ ቁም ነገር ላይ እንዲውል መፈለጋቸው ተገቢ ነው። ልብ ወለድ የሚገዛ ሰው ግን የሚከፍለውም የሚያነበውም ራሱ ነው። የሥዕል መጽሐፍ ዕጣው ሌላ ነው። የሚጽፈው አዋቂ፣ የሚሥለው አዋቂ፣ የሚያሳትመው አዋቂ፣ የሚሸጠው አዋቂ፣ የሚገዛው አዋቂ ነው። አንባቢው ከሁሉም በኋላ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜም ሐሳቡን ሳይጠየቅ።

እናትየዋ ፊደል የመረጠችበት ምክንያት ሥሩ ሩቅ ነው። በአገራችን መጽሐፍ ከትምህርት ተለይቶ አያውቅም። የየኔታ ተማሪ ሀሁ ብሎ፣ አቡጊዳ ቆጥሮ፣ መልእክተ ዮሐንስን ዘልቆ፣ ዳዊት ሲደግም ነው አነበበ የሚባለው። ቁርኣን ቤት የገባውም ልጅ ከአሊፍ ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። መጽሐፍ የሚወጡት ዳገት ነበር፤ የሚጫወቱበት መስክ አልነበረም። ዛሬ የአጸደ ሕፃናት ውድድር ሲጨመርበት የእናትየዋ ሥጋት ይገባኛል። ልጇ ከእኩዮቿ ወደ ኋላ እንዳትቀር ትፈልጋለች፤ የፊደሉ መጽሐፍ ደግሞ ምን እንደሚያስተምር ሽፋኑ ላይ ይናገራል። የጅቡ መጽሐፍ ምን እንደሚያስተምር አይናገርም።

ይሁንና ሥዕል ለእኛ ባዳ አይደለም። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ ሰው ከጣሪያው የመላእክት ፊት ቁልቁል ያየዋል፤ በግድግዳው ላይ ደግሞ ታሪክ ከታሪክ ተያይዞ ይወርዳል። ፊደል ያልቆጠረው ምእመን ሃይማኖቱን ከግድግዳ ሲያነብ ኖሯል። ሠዓሊዎቹም ለዚህ አንባቢ የሚሆን ሥርዓት ነበራቸው። ደጋጎቹን በሁለት ዓይን፣ ፊት ለፊት፤ ክፉዎቹን ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሥሏቸዋል። ይህን ሥርዓት ለልጅ ቁጭ ብሎ ያስተማረ የለም፤ ልጁ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ፣ እያየ ነው የለመደው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶ ከፈረሱ ኮቴ ሥር ሲጠማዘዝም አይቷል። ዓይኑን የሸፈነበት ሰው አልነበረም።

ልጅ ሥዕል የሚያነብ መሆኑን በመሣሪያ ያረጋገጡ አሉ። ሜሪ አን ኢቫንስና ዣን ሳን-ኦባን የተባሉ የካናዳ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ አራት ዓመት ግድም የሆናቸው ልጆች መጽሐፍ ሲነበብላቸው ዓይናቸው የት እንደሚያርፍ ተከታትለዋል። ዓይናቸው ከሞላ ጎደል ሥዕሉ ላይ ነበር፤ ፊደሎቹን የሚያዩት አልፎ አልፎ፣ ለቅጽበት ብቻ ነው። እንግዲህ እናትና ልጅ አንድ መጽሐፍ ሲያነቡ እናት ጽሑፉን፣ ልጅ ሥዕሉን ያነባሉ። ዛፉ ላይ ያለችውን ልጅ ያየችው የአምስት ዓመቷ መሆኗ አሁን ግልጽ ይሆናል። «ጽሑፉ ሁለት መስመር ነው» ብሎ መጽሐፉን የሚመልሰው አባትም የመለሰው የራሱን ድርሻ መዝኖ ነው፤ የልጁ ድርሻ ሚዛን ላይ አልወጣም።

ስሕተቱ የወላጅ ብቻ ሆኖ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1947 ማርጋሬት ዋይዝ ብራውን ጽፋው ክሌመንት ኸርድ የሣለው፣ በእንግሊዝኛ «ጉድናይት ሙን» የሚባል መጽሐፍ ወጣ። አንድ ትንሽ ጥንቸል ከመተኛቱ በፊት ክፍሉ ውስጥ ያለውን ዕቃ ሁሉ ደህና እደር ይላል፤ ሌላ ነገር አይሆንም። በባለቀለሞቹ ገጾች ላይ አንዲት ትንሽ አይጥ አለች፤ ቦታ ትቀያይራለች፣ ጽሑፉ ግን አይከታተላትም። አይጧን የሚያሳድዷት ልጆች ናቸው። በኒውዮርክ ከተማ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በልጆች መጻሕፍት ላይ ቃላቸው ይደመጥ ለነበሩት አን ካሮል ሙር ይህ አልተዋጠላቸውም። ቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፉን እስከ 1972 ድረስ ወደ መደርደሪያው አላስገባውም። ሃያ አምስት ዓመት ማለት ነው። በእነዚያ ዓመታት መጽሐፉን በየቤቱ ያኖሩት፣ ማታ ማታ «እንደገና» እያሉ ያስነበቡት ልጆች ናቸው።

ከፍርሃት ጋር የተያያዘው ጭቅጭቅ ከሁሉም የባሰ ነው። ሞሪስ ሴንዳክ እ.ኤ.አ. በ1963 «ዌር ዘ ዋይልድ ቲንግስ አር» የተባለውን መጽሐፍ አወጣ። ማክስ የሚባል ልጅ ይረብሽና እራት ሳይበላ ወደ ክፍሉ ይሰደዳል፤ ክፍሉ ጫካ ይሆናል፤ በጀልባ ተሻግሮ ጥርሳቸው ያገጠጠ፣ ጥፍራቸው የረዘመ አውሬዎች አገር ይደርሳል፤ ዓይን ዓይናቸውን አይቶ ጸጥ ያሰኛቸውና ይነግሥባቸዋል። በመጨረሻ ቤቱ ሲመለስ እራቱ ይጠብቀዋል። መጽሐፉ በ1964 በአሜሪካ ለሥዕል መጻሕፍት የሚሰጠውን የካልዴኮት ሜዳልያ ቢያገኝም አዋቂዎች ተቃወሙት። ብሩኖ ቤተልሃይም የተባለው ስመ ጥር የሥነ ልቦና ሰው በ1969 በአንድ የሴቶች መጽሔት ላይ፣ እናት ልጇን ምግብ መከልከሏ የሚፈጥረውን ፍርሃት አንሥቶ ነቀፈው። መጽሐፉን ግን አላነበበውም ነበር፤ የተናገረው እናቶች የነገሩትን ይዞ ነው። ልጆቹ አንብበውት ነበር። ማክስ እንደሚመለስ፣ እራቱም እንዳልቀረበት ያውቃሉ።

እኛ ቤት ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ልጅ አልተኛም ሲል «አያ ጅቦ መጣልህ!» ያላለ ቤት የትኛው ነው? ከደጅ ያለው ጅብ መልክ የለውም፤ የት እንደቆመ፣ መቼ እንደሚገባ አይታወቅም፤ ልጁን የሚያስቃዠው እሱ ነው። የመጽሐፉ ጅብ ግን ጠርዝ አለው። ሲያስፈራ ይከደናል፤ ሲፈለግ ይከፈታል፤ ገጹን የሚገልጠው የልጁ እጅ ነው። ልጅቷም መጽሐፉን ደረቷ ላይ ለጥፋ የያዘችው የምትፈራውን ነገር በእጇ ማስገባት ስለቻለች ይመስለኛል። ለዚህ ነው ወላጆች ልጃቸው የሚያስፈራ ሥዕል ሲመርጥ ቶሎ እንዳይነጥቁት የምለምነው። መጀመሪያ ይጠይቁት፤ ምን እንዳየ ይንገራቸው። ከፈራ ራሱ ይመልሰዋል።

ከፍርሃቱ ቀጥሎ የሚመጣው የምክር ጉዳይ ነው። በአንድ ትውልድ ኢትዮጵያውያን ልብ ውስጥ አባባ ተስፋዬ ሣህሉ አሉ። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለአሥርት ዓመታት ተረት ነግረውናል፤ ተረቱ ሲያልቅ ምክሩ ይከተላል። እሳቸውን ሰምቶ ያደገ ወላጅ ዛሬ ልጁን ይዞ መጽሐፍ ሲገዛ ምክር ያለበትን ይፈልጋል። መሻቱ የፍቅር ነው። ነገር ግን ምክር ሁሉ እኩል አይሠራም።

ተመራማሪው ካንግ ሊና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት ጥናት በእኛም ቤት የሚነገር ተረት ይነካል፤ «ጅብ መጣ! ጅብ መጣ!» እያለ መንደሩን ሲያታልል ኖሮ የእውነት ሲመጣበት ረዳት ያጣው እረኛ ነው፤ በእነሱ አገር ተኩላ ነው። ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ያሉ ልጆች እንዳይዞሩ ተነግሯቸው ጀርባቸው ላይ መጫወቻ ተቀመጠ፤ አብዛኛው ሰርቆ አየ። ከዚያ ለአንዳንዶቹ የእረኛው፣ ለአንዳንዶቹ ሲዋሽ አፍንጫው የሚረዝመው የፒኖኪዮ፣ ለሌሎቹ የአባቱን የቼሪ ዛፍ ቆርጦ እውነቱን ስለተናገረው ስለ ጆርጅ ዋሽንግተን ተረት ተነበበ። ቀጥሎ «አይተሃል ወይ?» ተብለው ተጠየቁ። የእረኛውና የፒኖኪዮ ተረት ውሸቱን አልቀነሰውም። እውነት የተናገሩትን ያበዛው፣ ልጁ እውነት ተናግሮ አባቱ የተደሰተበት ተረት ነው። ተመራማሪዎቹ ይህንኑ ተረት መጨረሻውን ወደ ቅጣት ሲለውጡት ጥቅሙ ጠፋ።

ይህን ሳነብ የልጆች መጻሕፍቶቻችን መጨረሻ ገጽ ታየኝ። ያልታዘዘችው ጥጃ በጅብ ትበላለች፤ ሰነፉ ተማሪ ይወድቃል፤ ከሥር በደማቅ ቀለም «ልጆች፣ ከዚህ ታሪክ ምን ተማራችሁ?» የሚል ይጻፋል። ያን ገጽ ወላጅ ያነበዋል፤ መጽሐፉንም የሚገዛው በሱ ምክንያት ነው። ልጁ እዚያ ሲደርስ ገልብጦ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። አሳታሚዎች ያን ጥያቄ ቢያስወጡት መጽሐፉ አንዳች አይጎድልበትም፤ ይህን በሙሉ ልቤ እላለሁ።

መመለሱስ? ወላጅን ከሁሉ የሚያሰለቸው እሱ ነው። «ትናንትም እሱን አነበብን፤ ዛሬ ሌላ እንይ» እንላለን፤ ልጁ እሱኑ ይላል። በእንግሊዝ የሰሴክስ ዩኒቨርሲቲዋ ጄሲካ ሆርስትና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2011 ለሦስት ዓመት ልጆች አዳዲስ ቃላት ያለባቸውን ተረቶች አነበቡ። አንዱ ቡድን ተመሳሳይ ተረት ደጋግሞ ሰማ፤ ሌላው እነዚያኑ ቃላት በተለያዩ ተረቶች ውስጥ ሰማ። ቃላቱን በተሻለ የያዙት ተረቱ የተደጋገመላቸው ናቸው። የገጠር አያት ይህን ሳትመራመር ታውቀው ነበር። ማታ እሳት ዳር ተረት የሚመርጠው ልጁ ነው፤ «የጦጣዋን ንገሪኝ» ይላታል፤ ነገም የጦጣዋን ነው። አንድ ነገር ከዘለለች «እንደሱ አይደለም» ብሎ ያርማታል። አያትየዋ በጄ ብላ ትደግማለች፤ ተረት ዋጋ የተለጠፈበት ዕቃ አልነበረምና «በቃ፣ ይህን ሰምተኸዋል» አትልም።

ይህን የልጅ ምርጫ ወደ መጽሐፍ ለማምጣት ከደከሙት መካከል ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ነገሌ ቦረና ተወልዶ በስደት አሜሪካ የደረሰው ዮሐንስ በሳን ፍራንሲስኮ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ይሠራ ነበር፤ በብዙ የዓለም ቋንቋዎች የልጆች መጽሐፍ ሲሰበሰብ በአማርኛ የሚቀርብ አጣ። «ቂሉ ማሞ»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያዘጋጀው በዚያ ቁጭት ነው። ማሞ እናቱ ትናንት የመከረችውን ዛሬ፣ ቦታው ባልሆነ ነገር ላይ የሚፈጽም ልጅ ነው። አንድ ጥብቅ ወላጅ «የቂል ታሪክ ምን ይጠቅማል?» ሊል ይችላል። ልጅ ግን ከማሞ ቀድሞ ስሕተቱን ስለሚያይ፣ ለአንድ አፍታ ከአንድ ሰው የበለጠ አዋቂ ይሆናል። ሁልጊዜ ታናሽ ለሆነ ፍጡር ይህ ትልቅ ስጦታ ነው።

ዮሐንስ ከደራሲዋ ጄን ከርትዝ ጋር በመሠረተው «ኢትዮጵያ ሪድስ» አማካይነት እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ። ቀጥሎ በአህያ ጋሪ መጻሕፍት የሚዞርበት ቤተ መጻሕፍት ሐዋሳ ላይ ተጀመረ። የሾላው ዋናው ነገር በእኔ ዓይን መክፈል አለመኖሩ ነው። የሚከፍል ሰው ከሌለ የሚመርጠው የሚያነበው ነው። ልጁ መርጦ፣ ቢሰለቸው መልሶ፣ ሌላ ያነሣል፤ የተሳሳተ ምርጫ የማንንም ብር አይበላም። ቤተ መጻሕፍት ባለበት ሰፈር የወላጅና የልጅ ክርክር ይበርዳል።

ባሕር ማዶ ያሉ ወላጆች ክርክር ደግሞ በቋንቋ ላይ ነው። በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አንዲት እናት በስልክ አጫወተችኝ። ከአዲስ አበባ በሰው ያስመጣቻቸው የአማርኛ መጻሕፍት መደርደሪያ ሞልተዋል፤ የሰባት ዓመት ልጇ ግን የዴቭ ፒልኪን «ዶግ ማን» ነው የሚያቅፈው፤ የውሻ ጭንቅላት የተተከለለት ፖሊስ። «ምኑም አያምረኝም» አለችኝ፤ ትልልቁ መስመር፣ ሆን ተብሎ የተዛባው የፊደል አጻጻፍ፣ ሁሉም። ኋላ አንድ ዘዴ አመጣች። መጽሐፉን ልጇ ይመርጣል፤ ሥዕሉን እያሳየ ታሪኩን የሚነግራት ግን በአማርኛ ነው፤ ለአያቱ እንደሚነግራት ያህል። ቃል ሲያጣ ትሰጠዋለች። ሳታውቀው ግሮቨር ዋይትኸርስትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1988 የፈተሹትን መንገድ ነው የያዘችው፤ ወላጅ ጠያቂ፣ ልጅ ተራኪ ሲሆን የልጁ የመናገር ችሎታ እንደሚፋጠን ያዩት አንድ ወር በፈጀ ሙከራ ነበር። አሁን ሁለት ቋንቋ ጎን ለጎን የያዙ መጻሕፍትም አሉ። ጄን ከርትዝ የምትሳተፍበት «ሬዲ ሴት ጎ ቡክስ» በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ ከእንግሊዝኛ ጋር ያዘጋጃል፤ እናት በአንዱ መስመር፣ ልጅ በሌላው ያነባሉ።

ወላጅ ሙሉ በሙሉ ይልቀቅ ማለቴ አይደለም። ልጅ የማያየው፣ ወላጅ ግን ሊያየው የሚገባ ነገር አለ፤ አማርኛው የተሰበረ እንደሆነ፣ ተርጓሚው ቃል በቃል ገልብጦት አፍ ላይ አልመች ካለ፣ ሥዕሉ ውስጥ ያሉት ልጆች ሁሉ የሌላ አገር ልጆች እንደሆኑ። እሱን ወላጅ ቆሞ ያጣራው፤ ሁለት ገጽ ጮክ ብሎ ቢያነብ ይበቃዋል። ካጣራቸው መካከል ግን ምርጫው የልጁ ይሁን። ሁለት የመግዛት አቅም ካለ አንዱ የወላጅ፣ አንዱ የልጅ ይሁን። አንድ ብቻ የሚገዛ ከሆነ የልጁ ይሁን፤ ፊደሉን ትምህርት ቤት ያገኘዋል።

ለዚህ ግን ልጁ መጽሐፉን መንካት አለበት። በብዙ መደብሮቻችን የልጆች መጽሐፍ ከባንኮኒ ጀርባ ወይም አዋቂ ብቻ በሚደርስበት ከፍታ ላይ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ ልጅ ማየት የሚችለው የሻጩን እጅ ነው። ቦሌ አካባቢ ያገኘሁት አንድ ሻጭ ሌላ መንገድ ሞክሯል። ከእያንዳንዱ የልጆች መጽሐፍ አንድ ቅጂ ላስቲኩን ገፎ፣ ከመሬት ብዙም ከፍ በማይል መደርደሪያ ላይ ሽፋኑን ወደ ውጭ አድርጎ አስቀምጧል። ልጆች ምንጣፉ ላይ ተዘርግተው ያገላብጣሉ። አንዳንዶቹ አንብበው ጨርሰው ምንም ሳይገዛላቸው ይሄዳሉ፤ ቅር አይለውም።

ቅጂዎቹን አሳየኝ። የአንበሳው ጀርባ በፕላስተር ተለጥፏል። የአህያዋ ሽፋን ጠርዙ ተበልቷል፤ የጅቡ ደግሞ፣ ያው ለገሀር ያየሁት መጽሐፍ፣ መካከለኛ ገጾቹ ተገንጥለው በስቴፕለር ተመትተዋል። የፊደሉ መጽሐፍ ቅጂ እንደ አዲስ ንጹሕ ነው። የሽያጭ ደብተሩን ሲገልጥልኝ ደግሞ ከሁሉም በላይ የተሸጠው የፊደሉ ነው። ከአሳታሚዎች ሲያዝዝ በየትኛው እንደሚመራ ጠየቅሁት። እስካሁን በደብተሩ እንደሆነ፣ በሚቀጥለው ትእዛዝ ግን የጅቡን በእጥፍ አስመጥቶ ሊያይ እንዳሰበ ነገረኝ።